በመምህሩና በወላጁ መካከል፦ ከወረርሽኙ ዘመን ለሰበካ ጉባኤያት የተረፈ ትምህርት

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕሙም መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንዲዘጉ ተወሰነ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ከሆሳዕና በፊት ወደ ክፍላቸው የሚመለሱ መስሏቸው ነበር። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የዚያን ዓመት ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ በከተሞች የሚኖረው ምእመን አብዛኛው በየቤቱ ሆኖ አሳለፈው። ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመሩት ጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን የአዲስ አበባዎቹ እስከ ጥቅምት 30 ቆዩ። 15 ቀን የተባለው ሰባት ወር ሆነ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችም በዚያ ጊዜ ከክፍላቸው ውጭ ነበሩ።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው የበሽታውን ጠባይ ወይም ሕክምናውን አይደለም፤ ያንን ለባለሙያዎቹ እንተወዋለን። የምናነሣው በእነዚያ ወራትና ትምህርት ቤቶቹ ከተከፈቱ በኋላ በመምህሩና በተማሪው ቤተሰብ መካከል ስለ ተፈጠረው ጥርጣሬ፣ መተማመኑም በምን ይጸና እንደነበረ ነው። ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ የትምህርት ቤት ባለቤት ናት፤ በየአህጉረ ስብከቱ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች፣ በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ ከሁሉም በፊት የአብነት ጉባኤያት አሏት። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው መምህርና ልጁን ወደ እርሱ የሚልከው ወላጅም ብዙ ጊዜ የአንድ አጥቢያ ልጆች ናቸው። ሲጣሉ የሚሰማቸው፣ ሲታረቁም በመካከላቸው የሚቆመው ካህን አንድ ነው።

ጥርጣሬው የተወለደበት ቦታ

ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ይዘውት የመጡት ደንብ የታወቀ ነበር፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ እጅ መታጠብ፣ ርቀት ጠብቆ መቀመጥ፣ በአንድ ክፍል የሚቀመጠውን ተማሪ ቁጥር መቀነስ፣ በፈረቃ መማር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ሁሉም ተገቢ ነው። ወላጁ ግን ወረቀቱን አያነብም፤ የሚያየው ልጁንና መንገዱን ነው። ልጁ በክፍል ውስጥ በአንድ ወንበር ለብቻው ተቀምጦ ይውልና ሲወጣ ከአምስት የሰፈሩ ልጆች ጋር ተቃቅፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጠዋት አዲስ የነበረው ጭንብል ማታ ኪስ ውስጥ ተጨማድዶ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በነበረበት ወራትም ገበያው ይቆም ነበር። «ገበያው ተከፍቶ ትምህርት ቤቱ ስለ ምን ተዘጋ?» የሚለው ጥያቄ በየሰንበቴው፣ በየጽዋ ማኅበሩ፣ በየለቅሶ ቤቱ ይነሣ የነበረ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። መልስም ነበረው፤ ገበያ የሚቆመው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ በሜዳ ላይ፣ የዕለት እህል ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ክፍል ግን በየቀኑ ለሰዓታት በአራት ግድግዳ መካከል መሰብሰብ ነው፤ ልጁ ባይታመምም አያቱ ዘንድ ይዞት ሊገባ ይችላል። ይህን መልስ ቁጭ ብሎ ለወላጁ የነገረው ሰው ግን በብዙ ቦታ አልነበረም። ያልተመለሰ ጥያቄ ደግሞ ራሱ መልስ ይፈጥራል፤ «አንድ የደበቁን ነገር አለ» የሚል መልስ።

የሙቀት መለኪያውን እናስታውስ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ መሣሪያውን ወደ ልጅ ግንባር የሚያቀና ሰው፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ያልተነገራት እናት ስታየው፣ ያልተጠራጠረች እንደሆነ ነው የሚያስደንቀው። መሣሪያው ልጁን እንደማይነካ፣ የሰውነቱን ሙቀት ብቻ እንደሚያነብ በአንድ ደቂቃ ማሳየት ይቻል ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ወላጁን ራሱን አስጠግቶ «እስቲ እርስዎ ይለኩ» ማለት ደግሞ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይሠራ ነበር።

የመምህሩም ሸክም ሊታይለት ይገባል። በፈረቃ ማስተማር ማለት አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ መናገር ነው፤ በጭንብል ውስጥ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ ቀኑን ሙሉ። መምህሩም በቤቱ አረጋዊት እናት አለችው። እያሳለ የመጣውን ልጅ ወደ ቤቱ ሲመልሰው ወላጁ «ልጄን በሽተኛ አደረገብኝ» ብሎ ይቀየመዋል፤ ሳይመልሰው ሲቀር ደግሞ የሌሎቹ ወላጆች ይቀየሙታል። በተዘጋው ጊዜ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ በከተማም በቴሌግራም የተሰጠው ትምህርት ሬዲዮም ስልክም ወደሌለበት ቤት አልደረሰምና፣ በዚያ ቤት ያለው ሰው መምህሩን ያለ ሥራ ደመወዝ የሚበላ አድርጎ ቆጥሮታል። በክፍያ በሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች በኩል በተዘጋው ወራት ክፍያ ምክንያት የተነሣው ክርክር ይህን ቅሬታ አባባሰው። ስለዚህ ጥቅምት ላይ በሩ ሲከፈት ወላጅና መምህር የተገናኙት እንደ አዲስ አልነበረም። የሰባት ወር ቅሬታ ይዘው ነበር የተገናኙት። በጭንብልና በሳሙና ምክንያት የተነሡት ጠቦች አብዛኞቹ ሥራቸው ሲቆፈር ከዚህ ቅሬታ ላይ ይደርሳሉ ብለን እናምናለን።

በኦሪት የተሠራ ሥርዓት

ካህናት አባቶቻችን ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ንና 14ን ያውቁታል። ስለ ለምጽ የተጻፈውን ይህን ሕግ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሕሙሙ ከሰፈር ውጭ ስለሚቀመጥበት ስለ ጽኑው ክፍሉ ነው። ነገር ግን ረጋ ብለን ስናነበው በሕጉ ውስጥ አብዝቶ የሚሠራው፣ የሚመላለሰውም ሕሙሙ አይደለም፤ ካህኑ ነው። ካህኑ ያያል። ምልክቱ ግልጽ ካልሆነ አይፈርድም፤ ሰውየውን ሰባት ቀን ለብቻው ያቆየዋል። በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ያየዋል። አሁንም ካልተለየ ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል፤ እንደገናም ያየዋል። ሰውየው በዳነ ጊዜ ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወደ ውጭ ወጥቶ ይመረምረዋል፣ መንጻቱንም ያሳውቃል።

ይህ ሥርዓት ካህኑን ሐኪም አያደርገውም፤ ዛሬም ካህን ሕመም እንዲመረምር ከዚህ ተነሥተን ልንል አንችልም። ጥንቃቄ እንዴት እንደሚጣልና እንዴት እንደሚነሣ ግን ከዚህ እንማራለን። ለብቻ የማቆየቱ ቀን የተቆጠረ ነው። ቀኑ ሲደርስ ማን መጥቶ እንደሚያይ የታወቀ ነው። የሚታየው ምልክትም በሕጉ በግልጽ ተጽፏል፤ በካህኑ ፈቃድ አይለዋወጥም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፣ «ተለይ» ያለው አፍ ራሱ «ተመለስ» የማለት ግዴታ አለበት።

የ15 ቀኑን ነገር በዚህ መለኪያ እንየው። 15 ቀን ተብሎ መጀመሩ ጥፋት አልነበረም፤ ያን ጊዜ በዓለም ላይ ከዚያ አርቆ ያየ ብዙ ሰው አልነበረም። በየአጥቢያው የጎደለው አሥራ አምስተኛው ቀን ሲደርስ ወላጁን ሰብስቦ «ዛሬ ዐይተናል፤ ይህንና ይህን ስላየን ጨምረናል፤ ደግሞ በዚህ ቀን እናያለን» የሚለው ሰው ነው። ውሳኔው በሬዲዮ ይነገር ነበር፤ ሬዲዮ ግን አይጠየቅም። ወላጁ የሚጠይቀው የሚያውቀውን ሰው ነው፤ ርእሰ መምህሩን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የንስሐ አባቱን።

የሀገራችን ሕዝብ ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ተብሎ የተጠራው ወረርሽኝ ዓለምን ካዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ የደረሰብን ድርሻ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበት ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ልብ እንበል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ይህ ልማድ የሚጠበቀው ተቆጣጣሪ ስላለው አይደለም። ሕዝቡ የራሱ አድርጎታል፤ ቀን አለው፣ ከበዓል ጋር ተሳስሯል፣ አባት ለልጁ ምክንያቱን እየነገረ ያቃጥላል።

የሌለውን የለም ማለት

መተማመንን በቶሎ የሚያፈርሰው ነገር፣ የሌለውን እንዳለ አድርጎ መናገር ነው። አንድ ትምህርት ቤት በበሩ ላይ «እጅ ሳይታጠቡ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ እንበል። በበሩ አጠገብ በእግር የሚረገጥ ጀሪካን ቆሟል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ውኃና ሳሙና ነበረው፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን ደርቋል። ማስታወቂያው አልተነሣም። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥታ «መምህር፣ ውኃው እኮ የለም፤ ልጆቹ በምን እየታጠቡ ነው የሚገቡት?» ትላለች። ርእሰ መምህሩ ሁለት መንገድ አለው። «አለ፣ እየተሠራበት ነው» ካለ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ሙቀት መለኪያው፣ ስለ ጭንብሉ፣ ስለ ታመመው ተማሪ የሚናገረው ሁሉ በጀሪካኑ ይለካበታል። «እውነትዎን ነው እናቴ፤ ውኃ የሚቀዳልን ሰው አጥተናል፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ደርቋል» ካለ ግን፣ ከተሰበሰቡት አንዱ አህያ አለኝ ይላል፣ ሌላው ሳሙና አመጣለሁ ይላል። ሳሙና ባይገኝ እንኳ በንጹሕ አመድ መታጠብ እንደሚቻል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለገጠሩ ሕዝብ ሲያስተምሩ የኖሩት ነገር ነው። ጉድለቱ የጋራ ሲሆን ደንቡም የጋራ ይሆናል።

ሰበካ ጉባኤ በዚህ ላይ ሊሠራ የሚችለው ቀላልና ትልቅ ነገር አለ። ብዙ አጥቢያዎች ከትምህርት ቤት አጠገብ ናቸው፤ የውኃ ጉድጓድ ወይም ታንከር ያላቸውም አሉ። ኮሚሽናችን በየአካባቢው በሚያካሂዳቸው የንጹሕ ውኃና የንጽሕና አጠባበቅ ሥራዎች እንደምናየው፣ ግንባታው ካለቀ በኋላ የሚያስቸግረው የየቀኑ ቅዳ፣ ጠብቅ፣ ጥገን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በትምህርት ቤቱ ጀሪካን ውኃ የሚሞሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን መመደብ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ ሥራ ለምእመኑ ልጅ ብቻ የሚደረግ እንዳይመስልም ከአካባቢው የመስጊድ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ ቀኑን መካፈል ይገባል፤ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ልጆች በአንድ ጀሪካን ይታጠባሉና።

ስለ ታመመው ልጅ አያያዝ ጥቂት ልንቆይ እንፈልጋለን፤ ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳዝነውና ከሁሉ ይልቅ የሚደበቀው ይህ ነውና። ወላጅ የልጁን ሕመም የሚደብቀው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ልጁ «የኮሮና ልጅ» ተብሎ ይሰደብብኛል፣ ከትምህርቱ ይቀርብኛል፣ እኔም ከገበያ እባረራለሁ ብሎ ስለሚፈራ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ «የታመመ ልጅ አይምጣ» ከማለቱ አስቀድሞ ያልመጣው ልጅ ምን እንደሚደረግለት መናገር አለበት። የቀረበት ቀን እንደ ጥፋት አይቆጠርበት፤ ያመለጠውን ደብተር የሚያደርስለት የክፍል ጓደኛ ይመደብለት፤ ፈተና ቢያልፈው ሌላ ቀን ይቆረጥለት። በክፍል ውስጥ ሕሙም ሲገኝም ለሁሉም ወላጅ ይነገር፣ ስሙ ግን አይጠራ። አንዳንዱ ሰው «ስሙ ካልተጠራ እንዴት እንጠነቀቃለን?» ይላል። የሚጠነቀቀው በክፍሉ ያለው ሁሉ ነውና ስሙ ምንም አይጨምርለትም፤ ስም የሚጨምረው ለሐሜት ነው።

የመዘጋቱ ጉዳት ከትምህርት መቅረት ብቻ እንዳልነበረም ካህናት ያውቃሉ። ትምህርት ቤት በሌለበት ወራት ገና ያልደረሰችን ልጅ ለጋብቻ መጠየቅ ይቀላል፤ «ቤት ከምትቀመጥ» ይባላልና። እንዲህ ያለችውን ልጅ ወደ ክፍሏ የመመለሱ ነገር መምህሩ ከወላጁ ጋር ባለው ግንኙነት ላይ ይንጠለጠላል። ከአባቷ ጋር በጭንብል ምክንያት የተኳረፈ መምህር ደጃፏ ሄዶ «ስለ ምን ቀረች?» ለማለት አፍ የለውም።

የንስሐ አባቱ በመካከል

በአጥቢያ ውስጥ በየቤቱ የሚገባ፣ ሲገባም የሚነሣለት ሰው የንስሐ አባት ነው። በየትኛው ቤት አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ እንዳለ፣ በየትኛው ቤት አምስት ልጆች በአንድ መደብ እንደሚተኙ እርሱ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ለጥንቃቄ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው፤ ትልቅ አደራም ነው። በንስሐ የተሰማ ነገር፣ በቤት ጉብኝት መካከል በምስጢር የተነገረም ቢሆን፣ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ አይሄድም። ካህኑ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ወላጁን «ይህን ለመምህሩ ራስህ ንገረው፤ ከፈለግህ አብሬህ እሄዳለሁ» ማለት ነው። አብሮ መሄድ ሐሜትን ይዘጋል። ካህኑ የትምህርት ቤቱ ሰላይ መስሎ ከታየ ግን አንዱን በር ሲከፍት ሌላውን ለዘለቄታው ይዘጋል።

መምህሩንም እንዲሁ ማገዝ ይቻላል። ብዙ መምህራን ከሌላ አካባቢ ተመድበው የመጡ፣ በአካባቢው ዘመድ የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። ወላጁ «የሰው ሀገር ልጅ» ይላቸዋል። እንዲህ ያለውን መምህር ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ አቁሞ «ልጆቻችንን የሚያስተምርልን ይህ ነው፤ ጥያቄ ያለው እርሱን ይጠይቅ» ማለት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ክርስቲያን ባይሆን ደግሞ ካህኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ በወላጆች ፊት አጠገቡ ይቀመጥ። ለወላጁ የሚታየው ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ ነው።

ግልጽ ልንናገረው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ልጁ ከሰኞ እስከ ዓርብ በትምህርት ቤት ጭንብል አድርግ፣ ተራራቅ ሲባል ይሰነብትና እሑድ በዐውደ ምሕረቱ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ፣ ማንም ምንም ሳይል ካየ፣ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው ብሎ ይደመድማል። ልጅ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ውሸት ነው አይልም፤ የመምህሩን ነው የሚለው። በዚያን ጊዜ መስቀል የማሳለሙን፣ የቅጥሩን አቋቋም፣ የጠበሉን ሥርዓት በተመለከተ ከአባቶች የተላለፈውን መመሪያ በጥንቃቄ የጠበቁ አጥቢያዎች ሳያውቁት የመምህሩ ረዳቶች ሆነው ነበር። እምነት የለሽ እንዳንባል ብለው ቸል ያሉት ደግሞ ያደከሙት ጤና ቢሮውን ብቻ አልነበረም፤ በጎረቤታቸው ያለውን የአንደኛ ክፍል መምህር ጭምር ነው። ከእምነት የተነሣ መጠንቀቅና ከፍርሃት የተነሣ መጠንቀቅ እንዴት እንደሚለያዩ ማስተማር የስብከተ ወንጌል ክፍሉ ሥራ ነው፤ ርእሰ መምህሩ ሊያስተምረው አይችልም።

ስለ ክትባት የተወራውም ከዚሁ ጋር ይታያል። የመጀመሪያው ሕሙም በተገለጸ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የኮቪድ ክትባት መሰጠት ተጀመረ፤ ቅድሚያውም ለጤና ባለሙያዎች ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በትምህርት ቤቶች ይሰጥ ነበር። የዚያ ክትባት ምክንያት ለእናቶች አስቀድሞ በሚገባ በተነገረበት ትምህርት ቤት ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው በበሩ ሲገባ ወላጅ አይደነግጥም። ሳይነገር በተሰጠበት ቦታ ግን ሁለተኛው ሥራ የመጀመሪያውን ዕዳ ይከፍላል። ወሬ ሲሰማ ካህኑ ቶሎ መገሠጽ የለበትም። «ከማን ሰማሽ? ምኑ ነው ያስፈራሽ?» ብሎ መጠየቅ ይቅደም፤ ብዙ ጊዜ ከወሬው በታች የሚገባ ጥያቄ ተቀምጧል፤ ልጄ ይመክን ይሆን? ሳላውቅ ይወጋብኝ ይሆን? ለመጀመሪያው የጤና ባለሙያዋ ትመልስ፤ ለሁለተኛው ርእሰ መምህሩ በሁሉ ፊት ቃል ይግባ።

የኔታና የሩቁ ቤተሰብ

እስካሁን የተናገርነው ወላጁ በአጥቢያው ስላለበት ትምህርት ቤት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ተማሪው ከሩቅ ሀገር የመጣ ነው፤ አንዳንዱም ለቤተሰቡ ሳይነግር ወጥቶ የመጣ። ወላጁ መምህሩን አያውቀውም፤ ልጁ በሕይወት መኖሩን የሚሰማው በዓመት አንድ ጊዜ ከመንገደኛ ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ የኔታ ሁለት ክፉ ምርጫ ይገጥማቸዋል። ተማሪውን ቢበትኑት፣ ያ ልጅ በእግሩና በመኪና ብዙ አውራጃ አቋርጦ በሽታ ሊወስድ ወይም ሊያመጣ ይችላል፤ የሚደርስበት ቤትም ላይኖረው ይችላል። ቢያቆዩት፣ ጎጆው ጠባብ ነው፤ ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ጎጆ ያድራሉ፣ በአንድ ቅል ይጠጣሉ። ምግቡም ከደጃፍ ደጃፍ ዞሮ የሚለመን ቁራሽ ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ በር ለበር መዞር ለተማሪውም ለመንደሩም ስጋት ይሆናል፤ በር ሲዘጋበት ደግሞ ይራባል።

እኛ የምንመርጠው፣ ቦታው ከፈቀደ፣ ማቆየትን ነው። ይህ ግን በየኔታ ትከሻ ብቻ ሊጫን አይችልም። መንደሩ በየቤቱ የሚሰጠውን ቁራሽ በእህል አድርጎ ወደ ደጀ ሰላም ያምጣ፤ ሰበካ ጉባኤው ተቀብሎ፣ ተማሪዎቹ በየጎጆአቸው ይጋግሩት። ለታመመ ተማሪ አንድ ጎጆ ባዶ ሆኖ ይጠበቅ፤ ሕመም ከመጣ በኋላ ጎጆ መሥራት አይቻልም። ጉባኤውም ከቤት ወደ ዛፍ ጥላ ይውጣ፤ ይህ ለአብነት ትምህርት አዲስ አይደለም፣ ብዙው ጉባኤ ሲዘረጋ የኖረው በዛፍ ሥር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ሲገባም የመጣበት አጥቢያና በዚያ ያለ የአንድ ካህን ወይም ዘመድ ስልክ ይመዝገብ። በክፉ ቀን የኔታ ወይም የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ደውለው «ልጃችሁ ደኅና ነው፤ እዚህ አቆይተነዋል፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ቢሉ፣ በሩቅ ሀገር ያለች እናት የኔታን ፊታቸውን ሳታይ ታምናቸዋለች። ለቤተሰቡ ሳይነግር የወጣውም ልጅ በዚያው ከቤቱ ጋር ይታረቃል።

ከመስከረም በፊት

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃት ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ በባሌ ዞን የተነሣው ኮሌራ ወደ ሌሎች ክልሎች መስፋፋት ጀምሮ ነበር። ኮሌራ በጭንብል አይመለስም፤ በውኃ፣ በሳሙናና በመጸዳጃ ቤት ነው የሚመለሰው። መምህሩና ወላጁ ግን እነዚያው ናቸው፤ በኮቪድ ጊዜ የተኳረፉትም ገና አልታረቁም ይሆናል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት በሽታ እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ ከነሐሴ ፍልሰታ በኋላ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባለው ጊዜ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና ርእሰ መምህሩን ወደ አጥቢያው ጽሕፈት ቤት ጠርተው ግማሽ ቀን እንዲቀመጡ እንመክራለን። በዚያ ስብሰባ ትምህርት ቤቱ ያለውንና የሌለውን በግልጽ ይናገር፤ ወላጅ ተወካዮቹ ባለፈው ጊዜ ያስቀየማቸውን ይናገሩ፤ መምህራኑም እንዲሁ። ሰብሳቢው ካህን በዚህ ጊዜ ብዙ ባይናገር ይሻላል። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ይወሰን፤ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ለወላጆች የሚናገረው አንድ ሰው ማን እንደሆነ፣ ማንኛውም የጥንቃቄ ደንብ በስንት ቀን አንዴ እንደሚታይና ለማን እንደሚነገር፣ ውኃውን ማን እንደሚቀዳ። የተወሰነው በአንድ ገጽ ተጽፎ በትምህርት ቤቱም በቤተ ክርስቲያኑም ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በዐውደ ምሕረት ይነበብ።

የስልክ መዝገቡ በአንድ ሰው ቤት እንዳይቀመጥ አደራ እንላለን። ቄሰ ገበዝም ይለወጣል፣ ርእሰ መምህርም ይዛወራል። አንዱ ቅጂ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በትምህርት ቤቱ ይኑር፤ በየዓመቱ መስከረም ላይም የተለወጠው ቁጥር ይታረም።